አጥብቀው ነው ያሉት

ዲግሪዬን በያዝኩ በአምስተኛው ወር አንድ ሰው በእኔ ምክንያት አንድ ዓይኑን አጣ። እጄን አላነሳሁበትም፣ ድንጋይም አልወረወርኩበትም። አንድ ቃል ነው የተናገርኩት። ቃሉ ግን የእኔ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ቃል ነበር፣ እኔ አጣምሜ አሳለፍኩት።

ቁጡነቴን ከቤት ይዤው ነው የመጣሁት። ባደግኩበት የሸዋ ከተማ ጎረቤቶቻችን «እሷን አትንኳት፣ እሳት ናት» ሲሉ እኔ እንደ ምርቃት እቀበለው ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ የጎረቤት ልጅ ጥርስ ሰብሬያለሁ። አባቴ ቀበቶውን ሲፈታ ታላቅ ወንድሜ «እኔ ነኝ የመታኋት» ብሎ ተገረፈልኝ። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ የቀበቶውን ድምፅ አዳመጥኩ፤ ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ በኋላም ያጠፋሁትን ሁሉ አንድ ሰው ይሸከምልኝ ነበር፤ ወይ እናቴ፣ ወይ ወንድሜ፣ ወይ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ።

ስመረቅ ቤተሰቤ ወደ ሸዋ እንድመለስ ፈልጎ ነበር። እኔ አሻፈረኝ አልኩ። ጅማ አጠገብ ካለችው ከሰርቦ ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ አንድ የእሸት ቡና መፈልፈያ የጥራት ባለሙያ ይፈልግ ነበርና ተቀጠርኩ፤ ጅማ ጊንጆ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ። ብቻዬን መኖር ማለት ማንም የማይናገረኝ መሆን ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሽሮ አረረብኝና ድስቱን ከነሽሮው ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። ድስቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ግድግዳውንም የፈገፈግኩት እኔው ነኝ። አከራዬ በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ግድግዳው ምን በደለሽ?» አሉኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከሰፈሩ ጋር ተዋወቅኩ። ከባጃጅ ነጂ ጋር ተጣላሁ። ውሃ በመጣ ቀን አንዲት ሴት ጄሪካኔን ከወረፋ ብታስወጣብኝ፣ የእሷን ጄሪካን በእርግጫ ብዬ ቁልቁል ሰደድኩት፤ ፀጉር ለፀጉር ተያያዝን። እናቴ ስትደውል «ተስማማሽ ወይ?» ትለኛለች። «በጣም» እላታለሁ፣ የተጋጋጠ አንገቴን እያሻሸሁ።

የመፈልፈያው ኃላፊ ስድሳን የተሻገሩ የጅማ ሰው ነበሩ፤ ሁሉም «ሐጂ» ነው የሚላቸው። አማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ፣ በመሐል አላህን ያመሰግናሉ። «ኢንተላ፣ አልጋውን ሸፍኚ፣ ሮባ መጣ» ሲሉኝ፣ አንቺ ልጅ፣ ዝናብ ሳይደርስ የቡናውን ማድረቂያ ሸፍኚ ማለታቸው ነው። እኔ አራት ዓመት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተምሬም ኦሮምኛዬ ከገበያ አያልፍም ነበር። ሰላምታ አውቃለሁ፣ «ስንት ነው» አውቃለሁ፣ «ላኪ»ን አውቃለሁ። ላኪ ማለት አይሆንም፣ ተይው ማለት ነው። ዋጋ ዝቅ አድርጌ በጠራሁ ቁጥር ቲማቲም ሻጮቹ የሚመልሱልኝ እሱን ስለነበር፣ ከሁሉም አስቀድሞ የገባኝ ቃል እሱ ነው።

ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ሰርቦ ደርሼ ከዚያ የመፈልፈያው የጭነት መኪና ያነሳኛል። ሾፌሩ የሰርቦ ልጅ ነው፤ ከእኔ በአምስት ወይም በስድስት ዓመት ይበልጣል፤ ሚስትና አንዲት ትንሽ ልጅ አለው። «ዲግሪ» ብሎ ይጠራኝ ነበር። «አካም ቡልቴ፣ ዲግሪ? እንዴት አደርሽ? ዛሬ ማንን ልትደበድቢ ነው?» ይለኛል ገና በሩን ሳልከፍት። አንድ ቀን ንዴቴ መጥቶ በሩን ስወረውረው መስታወቱ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ጮክ ብሎ ሳቀና «ረኮ ሂን ቀቡ፣ ችግር የለም፣ በሩም ይማር» አለ። ይህ ሳቁ ነበር ከሁሉም በላይ የሚያበሽቀኝ።

ኅዳር ላይ፣ ቡናው በተፋፋመበት ሰሞን፣ የእኛን ቡና ሊጭን ከአሰንዳቦ በኩል የመጣ አንድ የኪራይ መኪና ከመፈልፈያው በታች ባለችው መንደር የአንድ ገበሬ የእርሻ በሬ ገጨ። ያ ሾፌር አልቆመም። በሬው ሁለት እግሩ ተሰብሮ መሬቱን በቀንዱ እያረሰ ሲጮህ ቆየ፤ በመጨረሻ ባለቤቱ ራሱ እያለቀሰ አረደው። የመንደሩ ጎረምሶች ግንድ አጋድመው መንገዱን ዘጉ፤ ዱላና ገጀራ ይዘው ተቀመጡበት። ሐጂ ወደ ሽማግሌዎቹ ወረዱና ቃል ሰጡ። ነገሩ በእርቅ እስኪያልቅ ድረስ የመፈልፈያው መኪና በመንደሩ አያልፍም አሉ። በቃላቸው ግንዱ ተነሳ። በዚያ አካባቢ ቡና የሚሰበሰበውም ሆነ ጠብ የሚበርደው በእሳቸው ቃል ነበር፤ ሌላ ሀብት አልነበራቸውም ብል ማጋነን አይሆንም። ለእኔም ከመሄዳቸው በፊት «ጫኑ፣ ግን እኔ ሳልል ጎማ እንዳይንቀሳቀስ» ብለውኛል።

እርቁ ሦስተኛ ቀኑን ያዘ። መጋዘናችን ሞልቶ ጣሪያው ያፈሳል። የደረቀው ቡና በጆንያ ሆኖ መኪናው ላይ ተጭኗል፤ ሸራው የተቀደደ ነው። የመጀመሪያዬ ቡና ነበር። በየሰዓቱ እያገላበጥኩ፣ ብልሹውን በጣቴ እየለቀምኩ ያደረስኩት ነው። ረፋዱ ላይ በደቡብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ቡናው ከደረቀ በኋላ ከራሰ አለቀለት፤ ይሻግታል።

ጫኞቹ ከጥላው ሥር ተጋድመው ያዩኛል። ሸራውን አጥብቀው እንዲያስሩ ስጮህባቸው አንደኛው «ቡና በመጽሐፍ አይታሰርም» አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ። በእጄ የያዝኩትን መዝገብ ወረወርኩበት። ጥጉ ቅንድቡን ሰነጠቀው። ደሙ በጉንጩ ሲወርድ እያየሁ «ተነስና እሰር!» አልኩት። ተነስቶ አሰረ። ለዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም።

ከዚያ ለሐጂ ደወልኩ። በኋላ እንደሰማሁት ለሶላት ከሽማግሌዎቹ ነጠል ብለው ምንጩ አጠገብ እየታጠቡ ነበር። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ ስለዚህ ስልኩን ላውድ ላይ አደረግኩት። አጠገቤ የነበረው የእኛው ሾፌር ብቻ ነው።

«ሐጂ፣ መኪናው ተጭኗል፣ ዝናቡ ደረሰ። ልላክ?»

«ላኪ!» አሉ። መስመሩ ተቋረጠ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት ሾፌሩን። «ላኪ ብለዋል፤ ንዳ።»

አልሳቀም። «ዲግሪ፣ ቆይ እንጂ። አጥብቀው እኮ ነው ያሉት መሌ።»

«ምኑን?»

«‹ኪ›ዋን። የአማርኛው ላኪ ይላላል። እሳቸው ያሉት የኛን ላኪ ነው፤ አይሆንም፣ ተይው ነው ያሉሽ። ደግመሽ ደውይ።»

ሁለቱ ቃላት ቢጻፉ በፊደል አንድ ናቸው። ልዩነታቸው ምላስ ላይ ነው፤ አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል። ደግሜ ለመደወል አንዲት ደቂቃ ነበር የሚበቃኝ። ቅንድቡ የተሰነጠቀው ጫኝ ግን ከሩቅ እያየኝ ነበር፤ ሌሎቹም እያዩኝ ነበር።

«አማርኛ ልታስተምረኝ ነው?» አልኩት። «ወይ ትነዳለህ፣ ወይ ቁልፉን ታስረክባለህ። ሾፌር አይጠፋም።»

ቁልፉን መዳፉ ላይ አገላበጠው። ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። «ቢስሚላህ» ብሎ ወጣና አስነሳ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ ጥሩምባ ሰማን፤ ረጅም፣ የማያቋርጥ። ከዚያ ጥሩምባው ቆመና ጩኸት መጣ። ቁልቁል ሮጥን። ዝናቡ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ጭቃው ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄ ተነሳሁ።

መኪናው መንደሩ መሐል በአንድ ጎኑ ቦይ ውስጥ ገብቷል። የፊት መስታወቱ የለም። ጎረምሶቹ ጆንያዎቹን በገጀራ እየሰነጠቁ ቡናዬን ጭቃው ላይ ይዘረግፉታል። ያን ያህል የሳሳሁለት ቡና በጫማ ሲረገጥ እያየሁ ስለ ቡናው ምንም አልተሰማኝም፤ ምክንያቱም ከጎማው አጠገብ የሰው ክብ ነበረ፣ ዱላ ይነሳል ይወርዳል። ከመሬት የሚመጣው ድምፅ የሾፌሩ ነበር። ቃል አልነበረውም። በሬው እንዲሁ ሳይጮህ አልቀረም።

ክቡን በክርኔ እየመታሁ፣ እየነከስኩ ለመግባት ታገልኩ። አንዱ በደረቴ ገፍቶ ጣለኝ። ወድቄ በእግሮቻቸው መሐል ያየሁት ነገር አሁንም በዓይኔ ላይ አለ። ሐጂ ሾፌሩ ላይ ተደፍተዋል። ነጭ ቆባቸው ወልቋል። ለሾፌሩ የታሰበው ዱላ የእሳቸው ጀርባ ላይ ያርፋል፤ አንዱ ክንዳቸው ላይ ሲያርፍ የአጥንቱን ስብራት ሰማሁት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ምርኩዛቸውን አንስተው የገዛ ልጆቻቸውን አናት አናታቸውን ደበደቡ፤ አንድ አባት ልጁን መሬት ጥሎ እየረገጠ ያለቅሳል። እንደዚያ ሆኖ ነው ክቡ የተበተነው።

ሾፌሩን ገልብጠን ስናየው የፊቱ ግራ ወገን ፊት አልነበረም።

ጅማ ሆስፒታል ዓይኑን ማትረፍ አልተቻለም ተባለ። በአራተኛው ቀን ልጠይቀው ገባሁ። በሩ ላይ ስደርስ ሚስቱ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ምንም አታውቅም ነበር። ትንሿን ልጃቸውን ለማምጣት ስትወጣ ሾፌሩ በደህና ዓይኑ አየኝ።

«ዲግሪ፣ ስሚኝ። ሽማግሌዎቹ ማን እንደላከ ይጠይቃሉ። እኔም ላኪ ሲሉ ሰምቻለሁ እላለሁ። የላላውን፣ የአማርኛውን ላኪ። አንቺ ዝም በይ።»

«ለምን?»

«ሰው አገር ያለሽ ልጅ ነሽ። ማን አለሽ? ሐጂ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ይችሉታል።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ጊንጆ ተመልሼ በሬን ዘግቼ በጡጫዬ ግድግዳውን መታሁ፣ መታሁ፣ የጣቶቼ አንጓ እስኪላጥ። ያን ያህል የተናደድኩት በራሴ ነው እንዳልል፣ ከንዴቱ ሥር እፎይታ ነበር። በልጅነቴ ከበሩ ኋላ ቆሜ የተሰማኝ ያው እፎይታ ነው፤ አሁን ግን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ጉባኤው የተቀመጠው መንደሯ ዳር ካለው ዋንዛ ሥር ነው። ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ ሐጂ ክንዳቸውን በጨርቅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በሌላው። የዓይኑም የበሬውም ካሳ በአንድ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሐጂ ከእርቅ መሐል ተነስተው ቃላቸውን በልተዋል ወይስ አልበሉም? ከበሉ፣ የዱላው ጥፋት በከፊል የእሳቸው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላም በዚያ አገር ማንም ሰው እሳቸው ባሉበት አይታረቅም።

ጠያቂው ሽማግሌ በኦሮምኛ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ገባኝ። ቃሏ አንዲት ናት፣ የሰሟት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ መጀመሪያ ሾፌሩ ይናገር አሉ።

ሾፌሩ ፋሻውን በእጁ ደግፎ ተነሳ። «ላኪ ብለዋታል» አለ። «በአማርኛ። ሰምቻለሁ።»

ከጎረምሶቹ በኩል ጉምጉምታ ተነሳ፤ አንዱ መሬት ላይ ተፋ። ሐጂ ሾፌሩን አዩት። ፋሻውን አዩት። «ወላሂ አላልኩም» ማለት ይችሉ ነበር፤ ለእሳቸው መሐላ አንገቱን የማይሰጥ ሰው በዚያ ጥላ ሥር አልነበረም። ዓይኑን ያጣን ሰው ግን ውሸታም ለማለት አንደበታቸው እምቢ አለ። አንገታቸውን ደፉ። ያን ሁሉ ዱላ በጀርባቸው የተቀበሉት ሰው አንገታቸው በእኔ ዝምታ ሲደፋ አየሁ።

ተነሳሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

«ላኪ ጄዳን» አልኩ። ‹ኪ›ዋን አጠበቅኳት። «ነን ቤከ።» አይሆንም ነው ያሉት፣ አውቃለሁ ማለቴ ነበር። ኦሮምኛዬ እዚያው አለቀና የቀረውን በአማርኛ ተናገርኩ። ሾፌሩ ደግመሽ ደውይ ብሎ እንደለመነኝ፣ እኔ በሥራው እንዳስፈራራሁት፣ አሁንም የዋሸው ለእኔ ብሎ እንደሆነ። «አልሰማሁም አልልም። ሰምቻለሁ። መላክ ስለፈለግኩ ነው የላክሁት።»

ሾፌሩ «ምነው ዲግሪ!» አለ፤ እንደተቀማ ሰው።

ከሴቶቹ መሐል ሚስቱ መጣች። ስትመጣ አይቻታለሁ፤ አልሸሸሁም። ጥፊዋ ጆሮዬ ላይ አርፎ ጭው አደረገኝ። እጄ ተነሳ። እውነቴን ነው የምናገረው፣ ልመልስላት ተነሳ፤ ዕድሜ ልኬን ማንም መትቶኝ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። በሌላኛው እጄ ያዝኩት።

«ኢጀ ኢሳ ፊዲ!» አለች። ዓይኑን አምጪ! ሁለተኛውን ደገመችልኝ። «ፊዲ!» ሦስተኛውን። ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደሙን ዋጥኩት። ሽማግሌዎቹ አልከለከሏትም፤ ሐጂም አልከለከሏትም። ሾፌሩ ነው መጥቶ በወገቧ አቅፎ የወሰዳት፤ ሲወስዳት ወደ እኔ አልዞረም።

ሐጂ ቃላቸውን ያልበሉ ሰው ሆነው ከዚያ ተነሱ። እኔ እባረራለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ተስፋም አድርጌ ነበር፤ ልብሴን ሰብስቤ ሸዋ ልሄድ። መንገድ ላይ ከፊቴ ከፊቴ እየሄዱ ቆዩና ሳይዞሩ «ኢንተላ፣ ነገ ሥራ አለ» አሉኝ። በነጋታው ሄድኩ። በሚኒባስ ሰርቦ ከደረስኩ በኋላ የሚያነሳኝ ስላልነበረ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት።

ሾፌሩ መንዳት አልቻለም። ሐጂ መፈልፈያው ላይ ሚዛን ሰጡት፤ ገበሬዎቹ የሚያመጡትን እሸት ቡና እሱ ነው አሁን የሚመዝነው። በስሜ ይጠራኛል እንጂ ዲግሪ ማለቱን ትቷል። ሚስቱ ምሳ ስታመጣለት እኔ መጋዘን እገባለሁ።

የጠፋው የግራ ዓይኑ ስለሆነ በዚያ በኩል የሚያልፍን ሰው አያይም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሆን ብዬ በግራው በኩል አልፍ ነበር፤ ሰላም ልበለው አልበለው ከማለት ይገላግለኝ ነበር። አንድ ጠዋት እንደዚያው ሳልፍ የያዝኩት ባልዲ አምልጦኝ ከእግሩ ሥር ወደቀ። ሾፌሩ ከበርጩማው ተወርውሮ ወረደና በሁለት ክንዱ ፊቱን ሸፍኖ መሬቱ ላይ ተጠቀለለ። «ነ ሂን ሩኩቲና!» አለ። አትምቱኝ። ገበሬዎቹ ቅርጫታቸውን እንደያዙ ቆመው አዩት፤ እኔንም አዩኝ።

ከዚያ ወዲህ በግቢው ዞሬ በቀኙ በኩል እመጣለሁ፤ ገና ከሩቅ «እኔ ነኝ» እያልኩ።